ያልተበላሸው ምድጃ

ልጄ ኮልተን፣ እዚያ ጀርመን ካለህበት የጦር ሰፈር ፈጣሪ በጤና ይመልስህ። እጄን ስላመመኝ እኔ እየነገርኳት የምትጽፈው እኅትህ ቬርና ናት። በቆሎው ዘንድሮ አምሮበታል።

አባትህ ከጦሩ ሲወጣ ኮሌጅ በነፃ የመማር መብት ነበረው። «በቆሎው ይሰብሰብና» እያለ ጊዜው አለፈበት። ምነው ያኔ በገፋፋሁት! አሁን ቬርና የኮሌጅ ትምህርቷን በኮምፒውተር ስትማር ከኋላዋ ምድጃው ጋ ቆሞ ያዳምጣል።

«ምን ትሠራለህ?» አልኩት።

«ምድጃውን እየጠገንኩ ነው።»

«ምድጃው እኮ አልተበላሸም፣ አንተ ሰውዬ!»

አስተማሪዋ ስትጠይቅ ቀስ ብሎ ለራሱ ሲመልስ ሰማሁት፤ አንጀቴን በላው።

አንተም በቅርቡ ከጦሩ ትወጣለህ። በኦንላይንም ቢሆን ትምህርቱን ቶሎ ጀምርልኝ፣ መብትህ እንዳያልፍብህ። ያሰብከውን ሁሉ ይሙላልህ።

እናትህ

ይህን የጨመርኩት እኔ ቬርና ነኝ፦ ነገ ለአባዬ ከጎኔ ወንበር አስቀምጥለታለሁ።