ሐሙስን ያልጠበቅኩበት ሃርድ ዲስክ

ይድረስ ለምወድዎት አባቴ፣

የጌታ ሰላም ከእርስዎና ከመላው ቤተሰብ ጋር ይሁን። ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ጉልበትዎስ? የእናቴ ሳል ተሻላት ወይ? ዶዮገና ብርዱ እንደበረታ ወንድሜ ሲላስ ነግሮኛል። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሆሳዕናም እንዳለች ናት፤ መብራቱ ይመጣል ይሄዳል፣ ባጃጁ ይጮኻል፣ እኛም ቢሮ እንገባለን እንወጣለን።

በየሳምንቱ እየደወልኩልዎ ደብዳቤ መጻፌ ሊገርምዎት ይችላል። በስልክ ልነግርዎት ሦስት ጊዜ ሞክሬ፣ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ገብሱና ስለ ዝናቡ አውርቼ ዘጋሁት። ስለዚህ ጽፌ ለሲላስ በእጁ ሰጠሁት። እባክዎ ብቻዎን ሆነው ያንብቡት፤ ሳይጨርሱም አይደውሉልኝ።

ነገሩ ስለዚያ ኮምፒውተር ነው።

ከማስተማር ሥራዎ ጡረታ በወጡ በዓመቱ፣ የእንሰት ዓይነቶችን ስም ከአዛውንቶች አፍ እሰበስባለሁ ብለው ተነሱ። አንድ ኮምፒውተር አስገጣጥመሽ አምጪልኝ፣ ርካሽ ይሁን፣ ከርካሽም የመጨረሻው ርካሽ ይሁን፣ ብቻ ፊደል ይጻፍልኝ አሉኝ። እኔም በኩራት ተቀበልኩ። ቢሮ ውስጥ ፕሪንተር ወረቀት በነከሰ ቁጥር የምጠራው እኔ አይደለሁ!

ዕቃውን የመረጥኩት ከረሻድ ሱቅ ነው፤ ያገለገለ የኮምፒውተር ዕቃ ይሸጥ ከነበረው፣ እርስዎም ዛሬ ድረስ ያ ሌባ ከሚሉት ልጅ። ኬዙን፣ ማለትም ሳጥኑን፣ አንድ መሥሪያ ቤት ከጣላቸው መካከል አነሳን። አንድ ጎኑ ክዳን ስላልነበረው ከሌላ ቆርጦ ገጠመለት። ማዘርቦርዱና ፕሮሰሰሩ ያረጁ ነበሩ፤ ለጽሑፍ ይበቃል አለ፣ በቃም። ራሙን ከሁለት የሞቱ ማሽኖች አንድ አንድ ነቅሎ አጣመረው። ሞኒተሩ ያ አራት ማዕዘኑ፣ ጥጉ ላይ የተጫረው ነው። ፓወር ሰፕላዩን ግን አሮጌ አልሰጥም አለኝ። የአገራችንን መብራት እያወቅሽ በዚህ አትቀልጂ ብሎ ተቆጣኝ።

ሌላ ሰው በአንድ ከሰዓት የሚጨርሰውን ምርጫ እኔ ሦስት ሳምንት ፈጀሁበት። ከሥራ ስወጣ በየቀኑ ጎራ እላለሁ። ይህኛው ራም ከዚያኛው በምን ይሻላል ብዬ እጠይቀዋለሁ፤ እሱም ከሀ ጀምሮ ያስረዳኛል። ይህን ሁሉ አስቀድሜ እንደማውቀው ያውቅ ነበር። እህቱ ሃቢባ ከባንኮኒው ኋላ ሆና ትስቅብን ነበር።

በመጨረሻ የቀረው ጽሑፉ ሁሉ የሚቀመጥበት ሃርድ ዲስኩ ብቻ ሆነ። በእጁ የነበረውን አንዱን አስነስቶ ጆሮዬ ላይ አስጠጋልኝ፤ ቀጭ ቀጭ ይላል። ይሄ ዛሬ ቢሠራ ነገ አይታመንም፣ ሐሙስ ከአዲስ አበባ ዕቃ ይገባልኛል፣ ሐሙስን ጠብቂ አለኝ። ማክሰኞ ነበር። እሺ ብዬ ወጣሁ።

ቤት ሳልደርስ እርስዎ ደወሉ። ያሉኝን ያስታውሱት ይሆን? አንድ የቤተ ክርስቲያን ሰው ከዚያ የሙስሊም ልጅ ሱቅ ስገባና ስወጣ አይቶ ነግሮዎታል። ነገ ኮምፒውተሩን ይዘሽ ነይ፣ አለዚያም ያለ ኮምፒውተር ነይ፣ ከእንግዲህ ግን እዚያ በር ላይ እንዳትታዪ አሉኝ። ድምፅዎን እንኳ ከፍ አላደረጉም፤ ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር። ወዲያው ተመልሼ፣ ያንኑ የሚንቀጫቀጨውን ግጠምልኝ አልኩት። ለምን አላለኝም። ፊቴን አየና ገጠመው።

ዓመት ከሁለት ወር ሠራ። እርስዎ ደብተሩን ትተው በቀጥታ እዚያው ይጽፉ ነበር፤ ፎቶዎቹንም ወደዚያው እየገለበጥን ስልክዎን እናጸዳ ነበር። ለቡላ የሚሆነው የትኛው ነው፣ ለተሰበረ አጥንት የሚበላው የትኛው ነው፣ እንሰቱን የሚያደርቀው የአጠውልግ በሽታ የማይደፍረው የትኛው ነው፣ ሁሉም እዚያ ነበር። አንድ ጠዋት ዲስኩ አልነሳም አለ፤ ሥራዎም አብሮት ሄደ። ከነገሩዎት አዛውንቶች ሁለቱ አርፈዋል።

ሆሳዕና ድረስ መጥተው፣ ረሻድን በደንበኞቹ ፊት፣ ለልጄ የሞተ ዕቃ የሸጥክ ሌባ አሉት። እኔ አጠገብዎ ቆሜ ነበር። ቀና ብሎ አየኝ። እኔ የጫማዬን ጫፍ አየሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ አለዎት።

አባባ፣ ጥፋቱ የእሱ አልነበረም። እንዳልወስደው ነግሮኛል። ይህን ለመናገር አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር፤ እኔ ግን አፌን ያዝኩ። እርስዎ የከተማውን ግማሽ ያስተማሩ ሰው ነዎት፣ ቃልዎ ይሰማል፤ ትምህርት ቤቱም ቢሮውም ከእሱ መግዛት ተወ። በስድስት ወሩ ሱቁን ዘግቶ ወልቂጤ ገባ።

እዚህ ላይ ባቆም ደስ ባለኝ፤ ግን ሌላም አለ። ዲስኩን የገጠመ ዕለት ረሻድ አንድ አዲስ ፍላሽ ሰጥቶኝ ነበር። አባትሽ በየቅዳሜው የጻፉትን ሁሉ እዚህ ላይ ይገልብጡ፣ ዲስኩ ቢሞት እንኳ ሥራቸው ይተርፋል በያቸው ብሎኛል። ፍላሹን አልሰጠሁዎትም። ረሳሁት ብል ውሸት ይሆናል። ዶዮገና እስክደርስ በእጄ ይዤው ነበር፤ ቤት ከገባሁ በኋላ ግን ከቦርሳዬ ማውጣት አቃተኝ። ከዚያ ሱቅ የቀረኝ እሱ ብቻ ነበር። ዛሬም ባዶውን እኔ ዘንድ አለ። ራሴን የምጠላባቸው ቀናት አሉ፣ አባባ።

ባለፈው ሰኞ ሃቢባ ቢሮዬ ድረስ መጣች። ረሻድ እዚያው ወልቂጤ አንዲት ልጅ ጠይቋል። የልጅቷ ቤተሰቦች ስለ ጠባዩ ሆሳዕና ሰው ልከው ቢያጠያይቁ የሰሙት ያንኑ ነው፤ ሌባ ነው፣ አንድ የተከበሩ መምህር በሰው ፊት አዋርደውታል። አሁን ከእርስዎው አፍ ለመስማት በሚመጣው ማክሰኞ ሁለት ሽማግሌዎች ዶዮገና ይመጣሉ። እርስዎ ያንኑ ከደገሙላቸው ነገሩ ፈረሰ ማለት ነው። ሃቢባ አላለቀሰችም፣ አልሰደበችኝም። አንቺ ታውቂያለሽ ብቻ ብላኝ ወጣች።

ቢቆጡኝ መብትዎ ነው። ከፈቀዱልኝ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሁ፣ በሕይወት ካሉት አዛውንቶች ቤት አብሬዎት እዞራለሁ፤ የጠፋው ሁሉ እንደማይመለስ ግን አውቃለሁ። የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው። ሰዎቹ ሲመጡ እውነቱን ይንገሯቸው። ያጠፋችው ልጄ ናት፣ እሱ በእሷ ጥፋት ተሰድቦ ዝም ያለ ሰው ነው፣ ልጃችሁን ሳትሰጉ ስጡት ይበሉልኝ። ልጅቷን ደግሞ ደህና አድርጎ እንደሚይዛት እኔ አውቃለሁ፤ ይህንንም ይጨምሩላቸው።

እግዚአብሔር ለዓይንዎ ብርሃን፣ ለጉልበትዎ ብርታት ይስጥልኝ። ያልተጻፈውን ሁሉ ጽፈው የሚጨርሱበት ዕድሜ ያድልዎት። እናቴን በሁለቱም ጉንጮቿ ይሳሙልኝ።

ሽማግሌዎቹ ደህና አድርጎ እንደሚይዛት ልጅዎ በምን አወቀች ብለው ከጠየቁዎት ግን፣ ጥያቄውን ዝም ብለው ይለፉት።

የበኩር ልጅዎ
ከሆሳዕና