በሑዳዴ የተገዛው ወተት

«የቄስ ልጅ ሆኖ በሑዳዴ ወተት ይጠጣል ሲሉኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ተመኘሁ። ለነፍስ አባትህም ጽፌላቸዋለሁ።» የጻፉልኝ ቃል ይህ ነው፤ አንዲት ፊደል አልጨመርኩም።

ይድረስ ለታላቅ እኅቴ ለእትዬ አመተ ማርያም፣ ጅማ። እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎን ተሻለዎት ወይ? ዝናቡስ አላስቸገረዎትም? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ድካም ብቻ ነው።

ወተቱን የጠጣው ውሻ ነው። በየካቲት እናቱን ጅብ የበላበት ቡችላ አመጣሁ። ከእኔ ሌላ በቤቱ የሚኖር ስለሌለ ደባል አልኩት። ዓይኑን ከገለጠ ገና ሦስት ሳምንቱ ነበር። ምግብ የምትሠራልኝ ይመኙሻል ቁጡ ይሆናል ብላ እንጀራ በሚጥሚጣ ለውሳ ሰጠችው። ሆዱ ተነፋ፤ ደም አስቀመጠው። ስቆጣት፣ ውሻም እንደ አራስ ገንፎ ሊገነፋለት ነው ወይ ብላ ሳቀችብኝ።

በጾም የሰፈሩ ወተት ሁሉ ለፋሲካ ቅቤ ይጠራቀማል፤ የሚሸጥልኝ አጣሁ። ስለዚህ ከእስላም ጎረቤቴ ከወይዘሮ ዘሃራ ጠዋት ጠዋት አንድ ብርጭቆ አስገዛሁ። በፈላ ውኃ አቅጥኜ፣ ለብ ሲል፣ በቀን አራት ጊዜ ትንሽ ትንሽ ሰጠሁት። ሲበረታ የገብስ አጥሚት ጨመርኩለት። በርበሬና ጨው አላስቀመስኩትም። የእኔ ጥፋት አንዲት ናት፤ ሰው እንዳያማኝ ብዬ ይመኙሻልን ወተቱን በነጠላዋ ሸፍና እንድታመጣ አዘዝኳት። ገልጣ ብታመጣው የሰፈሩ ሰዎች ለማን ነው ብለው ይጠይቁኝ ነበር፤ ቢሸፈን ግን መልሱን ራሳቸው ሰጡ፣ ለእርስዎም አደረሱ። ቤሩት ተምሬ ከተመለስኩ ጀምሮ ሃይማኖቱን ጣለ ለማለት ምክንያት ሲፈልጉ ኖረዋል።

በፋሲካ የነፍስ አባቴ አባ ወልደ ሰንበት ሰፈሩን ሁሉ ጠበል ሲረጩ የእኔን ደጅ አልፈውት ሄዱ። ደባል አጥሩ ድረስ ሮጦ ጮኸባቸው፤ ጠጉሩ ያበራል፣ እግሩ ቀንቷል። ሄጄ ባስረዳቸው፣ የእኅትህን ፊርማ ይዤ ያንተን አፍ አላምንም፣ ከእንግዲህ የነፍስ አባትህ አይደለሁም አሉኝ። ይመኙሻልን ምስክር ባቀርብ፣ እንጀራህን የምትበላ ናት አሉ።

ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው፣ እትዬ። ደጄን የሚጠብቅ አላጣሁም፤ ብሞት ፍትሐት የሚያደርግልኝ ግን የለኝም።

ጋሼ ዘርአ ዳዊትን እጅ ነሥቻለሁ፤ ሳላቸው ተሻላቸው ወይ? እናናየሁን ሳሙልኝ። በሰለች ወሯ ገብቷል ብለዋል፤ ማርያም ትቅረባት።

በሚመጣው የሐዋርያት ጾምም ደባል ወተቱን ይጠጣል፤ ያለ ነጠላም ይመጣለታል። ስለዚህ ጾሙ ሳይገባ፣ እስከ ግንቦት 21 ቀን፣ ተሳስቻለሁ ብለው በራስዎ እጅ የጻፉት ደብዳቤ ለአባ፣ ግልባጩም ለእኔ እንዲደርስ እጠብቃለሁ።

ወንድምዎ ብርሃነ መስቀል
አንኮበር፣ ሚያዝያ 20 ቀን 1958 ዓ.ም.