እማማ የተደገፈችበት ወንበር

ሞላሌ፣ ኅዳር 9 ቀን 2012 ዓ.ም.

ይድረስ ለታናሽ እህቴ፣

«ወንድም ጋሼ፣ መኪናህን በደህና መልሼልሃለሁ። ውስጡን ከቅጣው ጋር ሁለት ቀን ሙሉ አጥበን እንደ አዲስ አድርገነዋል። ከፊተኛው ወንበር ራስ መደገፊያ ላይ የነበረውን የእማማን የቅቤ እድፍ እንኳ በስንት መከራ አስለቅቄልሃለሁ። አደራዋን ተወጣሁ። እህትህ።»

ከጻፍሽው ላይ አንድ ቃል አልጨመርኩም፣ አንድ ቃልም አላጎደልኩም። ባልሽ ቅጣው ባለፈው ማክሰኞ ቁልፉን ሲያስረክበኝ ወረቀቱ መሪው ላይ ተለጥፎ አገኘሁት።

ሰላምታን ከወቀሳ በኋላ ማምጣት ነውር መሆኑ አልጠፋኝም። እንዴት ነሽ? ወገብሽን ተሻለሽ ወይ? ልጅሽ ጽናት ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? እኛ ዘንድ ውርጩ ገብቷል፤ ጠዋት ጠዋት የመኪናው መስታወት በረዶ ለብሶ ያድራል። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ጤነኛ ነኝ። ጤነኛ ነኝ ስል ሥራ እገባለሁ፣ የቀረበልኝን እበላለሁ ማለቴ ነው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። የመኪና ወንበር ጨርቅ በበረኪና አይታሽም። ቀለሙን ይበላዋል፤ በልቶታልም። የራስ መደገፊያው ለምጽ እንደያዘው ገላ ነጥቷል። ዳሽቦርዱን ደግሞ በምግብ ዘይት ስለወለወላችሁት ያብለጨልጫል። ፀሐይ ስታርፍበት ነጸብራቁ የፊት መስታወቱ ላይ ወጥቶ መንገዱን ይከልለኛል፤ ያገሩ አቧራም ሁሉ እዚያው ይጣበቃል። ዓለማያ አራት ዓመት ተቀምጬ ያጠናሁት አፈር ነው፤ በግብርና ጽሕፈት ቤትም ይህን ሁሉ ዘመን የኖርኩት ከአፈር ጋር ነው። አቧራ ምን ላይ እንደሚያርፍና በምን እንደሚነሳ ሰው እንዲያስተምረኝ አልፈልግም። መጀመሪያ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ይጠረጋል፤ ቀጥሎ ጠብታ እስከማይወጣው ድረስ በተጨመቀ ጨርቅ ይታበሳል። የወንበሩን ጨርቅ የሳሙናው አረፋ ብቻ ይነካዋል እንጂ ውሃው አይደርስበትም። ከዚያ በሮቹ ተከፍተው ጥላ ውስጥ ይደርቃል። ይህን ሁሉ ቁልፉን ስሰጠው ለቅጣው ነግሬዋለሁ። እሱ ግን «ጋሼ፣ እዚህ መኪና ውስጥ ለማስነጠስም ማመልከቻ ማስገባት ያስፈልጋል እንዴ?» ብሎኝ ስቆ ሄደ።

ይሁን። የተዋሱትን ዕቃ አጥቦ መመለስ የቤታችን ሥርዓት ነው። እማማ ለድግስ የተዋሰችውን ጋን ከወሰደችው ይልቅ አጽድታ ነበር የምትመልሰው፤ አንቺም የእሷ ልጅ ነሽ። በዚህ አልከስሽም። ግን ያ እድፍ ምን አደረገሽ?

እንዴት እንደመጣ ስለማታውቂ ልንገርሽ። እስካሁን ለማንም አልነገርኩም።

መስከረም 2 ቀን እማማን ወደ ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት ልወስዳት ቀየት ቤቷ ስደርስ፣ ለባብሳ በራፏ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። ሰው ፊት ልትቀርብ ነውና ጎረቤቷን ጠጄን አስጠርታ ሹሩባ ተሠርታለች፤ ጠጄም ከአሪቲ ጋር የተለወሰ ቅቤ አናቷ ላይ ከምራላታለች። ብርድ ስለነበር ቅቤው ገና ሳይቀልጥ ነጭ እንደሆነ ተቀምጧል። እኔ ያየሁት ቅቤውን ነው። ፊቷ መገርጣቱን፣ ነጠላዋ ከትከሻዋ እየተንሸራተተ አልቆም ማለቱን ያየሁት በኋላ ነው። መኪናው ውስጥ አንድ የፍራሽ መሸፈኛ ላስቲክ ነበረኝ። አወጣሁና ወንበሩን ከራስ መደገፊያው ጀምሮ እስከ ታች ሸፍኜ በገመድ አሰርኩት። እሷ በትሯን ተደግፋ ቆማ ታየኛለች።

«ልጄ፣ ይሄ መኪና ነው ወይስ ቤተ መቅደስ? ጫማዬንም ላውልቅ እንዴ?» አለችኝ።

ጠጄ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። «ቅቤ ከጨርቅ አይለቅም፣ እማማ» አልኳት።

«እሺ፣ የኔ ጌታ» ብላ ገባች።

አምስት ሰዓት ሙሉ አልተደገፈችም። የበሩን እጀታ ጨብጣ፣ ጀርባዋን ከወንበሩ አርቃ ሄደች። መኪናው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ ላስቲኩ ይንኮሻኮሻል፤ ያን ጊዜ ጥፋት እንደሠራ ሰው ደንገጥ ብላ ቀጥ ትላለች። «ደገፍ በይ እንጂ» ስላት «ተመችቶኛል፤ አንተ መንገድህን እይ» አለችኝ። እኔም መንገዴን አየሁ።

ሐኪሙ ያለውን ታውቂዋለሽ። ቤቷ ውሰዷት አለን። ስንወጣ ላስቲኩን በጣጥሼ እዚያው ጣልኩት። እሷ ግን መነሳቱን ያስተዋለች አልመሰለኝም፤ ወይም አስተውላ ዝም አለችኝ። መዘዞ እስክንደርስ ድረስ እንደመጣችው ቀጥ ብላ ነበር። መዘዞን ስናልፍ እንቅልፍ አሸነፋት። ራሷ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ሄደና መደገፊያው ላይ አረፈ። ከዚያ በኋላ ማርሽ መቀየር ፈራሁ፤ ቀየት ድረስ እንደ ኤሊ ነዳሁ። ከኋላዬ የነበረ የጭነት መኪና ጥሩንባውን ቢያንባርቅብኝ ጥጌን ይዤ በእጄ እለፍ አልኩት። አልነቃችም።

እድፉ የዚያን ቀን ነው። መዳፍ ያክል ነበር። ጠጋ ብለሽ ብታዪው የሹሩባዋ ሦስት መስመር ወጥቶበት ነበር። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር መኪና የማጸዳው እኔ ሁለት ወር ገደማ ጨርቅ አላነሳሁም። የሥራ ባልደረባዬ በኃይሉ ምንጣፉ ላይ ያለውን አፈር አይቶ «ዘንድሮ ገብስ እዚህ ውስጥ ልትዘራ ነው?» አለኝ። ይበል። ጠዋት በሩን ስከፍት አሪቲና ቅቤ ይቀበለኝ ነበር። አሁን የሚቀበለኝ በረኪና ነው።

ከአርባዋ በኋላ የእማማን ዕቃ ዓለም ከተማ ወደ ቤታችሁ እንድትወስዱበት መኪናውን ሳውሳችሁ፣ ያን ቦታ እንዳትነኩት መናገር ነበረብኝ። ያን ብናገር ስለ ላስቲኩም መናገር ይኖርብኝ ነበር። ዝም አልኩ። ይህ የእኔ ድርሻ ነው፤ አልክደውም።

አንድ ነገር ግን ደህና አድርገሻል። እማማ የዛሬ ሦስት ዓመት ከራሷ በጎች ጸጉር ፈትላ፣ ሸማኔው ወልደ ጻድቅ ዘንድ አሠርታ፣ «ፀሐይ እንዳይሰነጥቅብህ» ብላ የሰጠችኝን የዳሽቦርድ ልብስ ከኋላ ከትርፍ ጎማው ሥር አግኝተሽ አንጥፈሽዋል። እኔ ጸጉሩ ይረግፋል ብዬ አንድ ቀን እንኳ አላነጠፍኩትም ነበር። ሲረግፍ አየሁት፤ ይረግፋል። አላነሳሁትም።

እንግዲህ ከወረቀትሽ ውስጥ ደጋግሜ የማነበው ሁለት ቃል ነው፤ «አደራዋን ተወጣሁ» ያልሽው። መጨረሻዋን ዘጠኝ ቀን ከአልጋዋ ሥር ሆነሽ ያስታመምሻት አንቺ ነሽ። እኔ ደጅ ከሰዎች ጋር ተቀምጬ ስለ ድንኳን እነጋገር ነበር። ከዘጠኙ ቀን በአንዱ ስለ መኪናዬ አንስታልሻለች ማለት ነው። ነፍሷ ጉሮሮዋ ደርሳ ስለ መኪናዬ ወንበር!

ትናንት ከሥራ መልስ መኪናውን ግቢ አቁሜ የእሷ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። የበሩን እጀታ ይዤ፣ ሳልደገፍ ምን ያህል እንደምቆይ በሰዓቴ ለካሁ። አሥራ አንድ ደቂቃ። ያውም በቆመ መኪና፣ ያውም ጤነኛ ሆኜ።

ስለዚህ ስለ በረኪናው ይቅርታ እንድትጠይቂኝ አይደለም የምጽፍልሽ። እማማ ያለችውን በራሷ ቃል ጻፊልኝ። አታለስልሺው፣ አታሳምሪው። ላስቲኩን አንስታ ከሆነ አንስታለች በይ። ስቃ ተናግራው ከሆነ ስቃ ነው በይ፤ አዝናም ከሆነ እንደዚያው። በስልክ እንዳትነግሪኝ። በስልክ ታለቅሻለሽ፤ እኔም አይዞሽ ብዬ እዘጋዋለሁ፤ ሳንነጋገር እንቀራለን።

የእማማ ምርቃት ከቤትሽ አይራቅ። ልጆችሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ፤ ወገብሽንም ይማርልሽ። ቅጣውን ሰላም በይልኝ፤ ማስነጠስ ተፈቅዶለታል።

መልስሽን በጽሑፍ፣ በእጅሽ ጽፈሽ፣ ለሞላሌ አውቶቡስ ሹፌር ስጪልኝ። እስከ በዓታ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን ድረስ እንዲደርሰኝ። አንድ ቀን እንዳታሳልፊ።

ወንድምሽ