የሩዝ ፍሬ የምታክል በግ

ሰኞ፣ መጋቢት 3
ለአዲሶቹ ጠላቂዎች ያው ስብከት። አለቃችን አቴ ፐርላ (አቴ እትዬ እንደማለት ነው) "አጭር አድርገው ኢስኮ" ብላኝ ነበር… እኔና አጭር ምንና ምን ነን?
"የባሕር ቀንድ አውጣችን ቤቱን ሸጦ ልብስ የገዛ ፍጡር ነው" አልኳቸው። "ዛጎል የለውም፣ ያለው ቀለም ነው። ቀለሙ ‘ብትበላኝ ወዮልህ’ ማለት ነው። ጀርባው ላይ ያለው አበባ መተንፈሻው ነውና እጃችሁን ሰብስቡ። እያንዳንዱ ወንድም ሴትም ስለሆነ፣ ማን አገባ ማን ተዳረ ብላችሁ አትጨነቁ።"
ሳቁ። ማዳም ሚላግሮስ ብቻ አልሳቁም፤ የማኒላ ጡረተኛ አስተማሪ። "በጓን መቼ ነው የምታሳየኝ?" አሉኝ።
በጓ… የሩዝ ፍሬ የምታክል፣ የባሕር ቅጠል የምትግጥ፣ የበግ ፊት ያላት ቀንድ አውጣ። የማዳም ሐኪም ጆሯቸውን አይቶ "ከዚህ ሳምንት ወዲያ መጥለቅ የለም" ብሏቸዋል።

ረቡዕ፣ መጋቢት 5
አገኘኋት። አሸዋው ላይ፣ ብቸኛ ቅጠል ስትግጥ። እንደ አስጎብኚዎች ወጋችን አጠገቧ ዛጎል ገልብጬ ምልክት አደረግሁ። የሌላውን ዛጎል የሚነካ አስጎብኚ በባሕር ዳርቻችን በአኒላኦ ሚስት አያገኝም። ትልቅና የሚያምር መረጥሁ… ለክብሯ።
የሚስቴ ወንድም ባያኒ፣ እሱም አስጎብኚ፣ ፊቴን አየና "ምን አግኝተህ ነው?" አለኝ።
"ምንም።"
"ምንምህ ደህና ትደር።"

ሐሙስ፣ መጋቢት 6
ማዳምን ይዤ ጠለቅሁ። ዛጎሉ የለም። ባያኒን ከነዘሩ በልቤ ሰደብሁት… (ሚስቴም ከዚያው ዘር ናት።) ከዚያ አየሁት። ዛጎሌ እግር አውጥቶ ይሄዳል። ቤት ያጣ ሸርጣን ገብቶበታል። ቅጠሏስ? አየራችን እስኪያልቅ ፈለግሁ፤ አላገኘኋትም።
ጀልባው ላይ ማዳም "ሸርጣኑ ግን ጥሩ ነበር" አሉ። እንዲህ ተሰድቤ አላውቅም።

ዓርብ፣ መጋቢት 7
ለባያኒ ነገርኩት። አስጎብኚ የሌላውን ቦታ አይለምንም… ነገ ግን የማዳም የመጨረሻ ቀን ነው።
"ሸርጣን?"
"ሸርጣን።"
እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ከዚያ፣ "ከትልቁ ድንጋይ ጀርባ እኔም አንዲት አለችኝ።"
"በምን ምልክት?"
"በጠጠር ነዋ፣ አንተ ቤት አከራይ።"

ቅዳሜ፣ መጋቢት 8
ማዳም ካሜራቸውን ትተው አጉሊ መነጽር ብቻ ይዘው ጠለቁ። ባያኒ አሳያቸው። እጃቸውን ብብታቸው ስር ሸጉጠው ቆዩ። በጓ ትግጣለች…
ሲወጡ፣ "ተማሪዎቼን ትመስላለች" አሉ። "ፊቷ ቆሜ፣ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም።" ቀኑን ሙሉ ሳቁ።

ሰኞ፣ መጋቢት 10
አዲስ ጠላቂዎች። ስብከቱን አሳጠርሁት፤ አቴ ፐርላ "አሞሃል?" አለችኝ። እንደ ማዳም እጆቼን ብብቴ ስር ሸጉጬ "እንዲህ" አልኳቸው… ሌላ ምን ልበል?