የተወለወሉት ቀለሆች

ማክሰኞ

ዛሬ ትልቅ ስህተት ሠራሁ። የልጄን የኤርሚያስን የጥይት ቀለሆች ሁሉ አንድ ሳፋ ውስጥ ገልብጬ በሎሚና በጨው ፈትጌ አጠብኳቸው። አገር ቤት ለበዓል የደብራችንን ጸናጽል የምንወለውለው በሎሚ ነበር። አሁን ሂተሩ ላይ ተደርድረው ያብረቀርቃሉ።

ልጄ ኢላማ ተኳሽ ነበር፤ በክለብ፣ በፈቃድ። ከተኮሰ በኋላ ባዶ ቀለሆቹን ለቅሞ ያመጣና እዚሁ ስደት አገር፣ ስትሪትሃም ሰፈር፣ ወጥ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ባሩድ ሞልቶ እንደገና ጥይት ያደርጋቸው ነበር። ሲያርፍ ፖሊስ ጠመንጃውንና ያልተተኮሰውን ጥይት ወሰደ። ባዶዎቹ ቀሩ። ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ “ቀለሆቹን ለጀማል ስጪ” ብሎኝ ነበር። ጀማል የክለብ ጓደኛው ነው፤ ኪልበርን ይኖራል፤ አውቶቡስ ይነዳል። ሐሙስ መጥቶ ይወስዳቸውና ለቅዳሜው ውድድር ይሞላቸዋል። አምረው ይጠብቁት ብዬ ነበር።

ማታ ትዝ አለኝ። ሳጥኖቹ ሁለት ነበሩ። በአንዱ አንዴ ብቻ የተተኮሱት፣ በሌላው ብዙ ጊዜ የተተኮሱትና ኤርሚያስ ሊጥላቸው ያሰባቸው። እኔ ደባለቅኳቸው።

ረቡዕ

ከቁርስ በኋላ አንድ በአንድ ቼክ ማድረግ ጀመርኩ። አፋቸው የተሰነጠቀ ጥቂት አገኘሁ። እነሱ አያስቸግሩም፤ ዓይን ያያቸዋል። አንገታቸው አካባቢ የተጨረመቱትንም ለየሁ። የሚያስፈራው ሌላው ነው። ቀለህ ብዙ ሲተኮስ ይለጠጥና ከግርጌው ከፍ ብሎ ይሳሳል። ውጪው ላይ ቀለበት የመሰለ ነጭ መስመር ያወጣል። እዚያ ላይ ከተቀደደ እሳቱ ወደ ተኳሹ ፊት ይመለሳል። ይህን ያሳየኝ ኤርሚያስ ነው፤ ማታ ማታ አብሬው ደህናውን ከመጥፎው ስለይ።

አሁን ግን ሁሉም ስለሚያብረቀርቅ መስመሩ አይታይም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

ኤርሚያስ ጫፉ የታጠፈ ቀጭን ሽቦ ነበረው፤ ቀለሁ ውስጥ ሲገባ ግድግዳውን ይዳስሳል፣ የሳሳ ቦታ ሲያገኝ ይይዛል። ሞከርኩ። አንዱ ላይ ያዘኝ። ቀጥሎ ሌላውም ያዘኝ። ትንሽ ቆይቶ ሁሉም የሚይዝ መሰለኝ። እጄን አላመንኩትም።

ለጀማል ደውዬ አይሆኑም፣ ተበላሽተዋል አልኩት። ቀስ ብሎ “እማማ፣ መስጠቱ ከከበደዎት ይተውት፤ እኔ አልቀየምም” አለኝ። እንደዚያ አይደለም አልኩት። የተናደድኩት ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው። እሱም ውሸቱን አልነበረም።

ሐሙስ

ጀማል ብርቱካን ይዞ መጣ። ጫማውን አውልቆ ተቀመጠና ሽቦውን ሞከረ። ምንም አይይዝም አለኝ። መሪ የለመደ እጅ ምን ይሰማዋል አልኩት። ሳቀና የእርስዎስ ከሽንኩርት በቀር ምን ያውቃል አለኝ።

ሌላ መንገድ አልነበረም፤ አንዱን ለሁለት ቆርጦ ውስጡን ማየት ነው። ዕቃ ጨብጦ የሚይዘው የኤርሚያስ ሞርሳ ጠረጴዛው ላይ እንደታሰረ ነው። ሽቦው ያዘኝ ካልኳቸው መካከል አንዱን ሰጠሁት፤ በሴጌቶ፣ በብረት መጋዙ፣ ለሁለት ከፈለው።

ውስጡ ጤነኛ ነበር። መስመር የለውም።

ጀማል የሚያስበው ፊቱ ላይ ነበር። ከረጢቱን አውጥቶ ቀለሆቹን በእፍኙ መክተት ጀመረ። እጁን ያዝኩት።

“መስጠቱ ከብዶኛል” አልኩት። “ግን ደግሞ ተበላሽተዋል። ሁለቱም እውነት ነው።”

“እማማ፣ ስንቱን ልንቆርጥ ነው?”

አንድ ሌላ መርጬ ራሴ ሞርሳው ላይ አሰርኩ። ሴጌቶ ይዤ አላውቅም፤ ሁለት ጊዜ ተንሸራተተብኝ። ሊቀበለኝ ሲል አልሰጠሁትም።

ሲከፈል፣ ከግርጌው ከፍ ብሎ በምስማር የተጫረ የሚመስል መስመር ዙሪያውን ይዞራል። ናሱ እዚያ ላይ እንደ ወረቀት ስስ ነው። ጀማል በጥፍሩ ነካው። ደጋግሞ ነካው።

“ይሄኮ ፊቴ ላይ ሊፈነዳ ነበር” አለ።

ደህናዎቹን በሽቦ እንለያቸው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ያዘኝ ያልኩት ደህና ሆኖ ወጥቷል፤ አልያዘኝም የምለው ምን እንደሚሆን በምን አውቃለሁ? ኤርሚያስ ከአንድ ሳጥን አንዱ እንዲህ ከሆነ ሁሉንም ይጥል ነበር አልኩት። እኔ ደግሞ ሁለቱን ሳጥን አንድ አድርጌዋለሁ።

ማንም እንዳይሞላቸው አፋቸውን በፒንሳ ጨፈለቅን። እሱ ይጨፈልቃል፣ እኔ ከረጢት ውስጥ እጥላለሁ። ኤርሚያስ አንድ ጊዜ ባተርሲ መናፈሻ ውስጥ በፕላስቲክ ሽጉጥ አባሮት እንደነበር አወራኝ። ሁለታችንም ሳቅን። የመጨረሻዎቹን ስጨምር አለቀስኩ፤ እሱም አጎንብሶ ሥራውን ቀጠለ።

ዓርብ

ጠረጴዛውን ጠረግሁ። የናስ ፍርፋሪ እግሬ ላይ ሁሉ ነበር። ጀማል ፋብሪካ የሞላውን አዲስ ጥይት ገዛሁ ብሎ መልእክት ላከልኝ። ሌላ ምንም የለም።

ቅዳሜ

ዝናብ ነው። ጠዋት እህል አልወረደልኝም። አዲስ ጥይት ነው፣ ምን ይሆናል እያልኩ ራሴን ሳጽናና ዋልኩ።

ከሰዓት በኋላ ደወለ። ጨርሶ ከጓደኛው ጋር በመኪና እየተመለሰ ነው። እንዴት ሆንክ ስለው ከመጨረሻ ሁለተኛ ወጣሁ አለኝ። ኤርሚያስ ቢኖር ስንት ቀን ይስቅብህ ነበር አልኩት።

“ዓይንህስ?” ብዬ ጠየቅኩት።

“ዓይኔ ደህና ነው እማማ። ኢላማውን ነው ያላየው።”

ስልኩን ዘግቼ ጠዋት የተውኩትን ምግብ አሞቅኩ። በልቼ ጨረስኩት።