የልጅቷ አባት ስም

ረቡዕ፣ ግንቦት ፲

ጣሊያኖቹ ሐኪም ቤት፣ መዝገብ ጠረጴዛው ፊት፣ አስተርጓሚው «የልጁ አባት ማን ነው?» ሲለኝ «አላውቀውም» አልኩ። አፌ ቀደመኝ።

አስተርጓሚው ቀና ብሎ አየኝ። «እንዴት አታውቂውም?»

«መንገደኛ ነጋዴ ነው። አድሮ ሄደ።»

ለጣሊያኑ ጸሐፊ ነገረው። ጸሐፊው ሣቀና ጻፈ። የባሌ እናት እማማ ደስታ ጎኔ ቆመው ሁሉንም ሰሙ።

ሌላ ምን እላለሁ? ባሌ ዱር ቤቴ ካለ ዓመት ተኩል ሊሆነው ነው። ለጠየቀን ሁሉ አዲስ አበባ ሄዶ ቀረ ብለናል። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ወባ ጥሎት ሦስት ቀን ጓዳ ውስጥ ደብቀን አስታመምነው። ስሙን ብሰጥ ሆዴ ራሱ ምስክር ነው፤ መጥቶ እንደሄደ ያውቃሉ። ቤቱን ያቃጥላሉ፣ እኔን አስረው እሱን ይጠብቁታል።

ሐኪሙ ቀኑን ቆርጧል። ሰኞ። ምጥ ሳይጀምረኝ ሆዴን ቀዶ ሊያወጣው ነው። ኦፕራሲዮን ይሉታል። ቅዳሜ ግቢ ብለውኛል።

ወንዙን ስንሻገር እማማ «አበጀሽ» አሉኝ። ፊታቸውን ግን ወደ እኔ አላዞሩም።

ሐሙስ፣ ግንቦት ፲፩

እንቅልፍ አጣሁ። ሙቀቱም አለ፣ ፍርሃቱም አለ።

የመጀመሪያው ልጄ ሦስት ቀን አምጬ ሞቶ ወጣ። ሁለተኛዋ ወጥታ አንድ ጊዜ እንኳ አልተነፈሰችም፤ እኔም ወር ሙሉ አልተነሣሁም። መጋቢት ላይ ወባ ይዞኝ የጣሊያኖቹ ሐኪም ቤት ብሄድ፣ ሐኪሙ በብረት ወገቤን ለክቶ ራሱን ነቀነቀ። አጥንቷ ጠባብ ነው፣ ምጥ ከገባች በኋላ ብትመጣ ሁለቱንም ላላተርፍ እችላለሁ፣ አለ። አስተርጓሚው እንደዚያ ነው የነገረኝ።

የምይዘው፦
ሁለት የተቀቀለ አሮጌ ነጠላ፣ ለመጠቅለያ
መቀነት
ሳሙና (አንድ ቁራጭ፣ እማማ ያገኙት)
የበሶ ዱቄት
የተልባ ዱቄት
ይህ ደብተርና እርሳሱ፣ መቀነቴ ውስጥ

ጨው ነጋዴው ጋሼ ሰይድ በጠዋት መጡ። የአልዩ አምባ ሰው ናቸው። አህያቸውን እየነዱ ዳገቱን ስለሚወጡ፣ ከባሌ ጋር የሚያገናኙን እሳቸው ብቻ ናቸው። እማማ ደጅ ወስደው «ሰኞ ትቀደዳለች በሉት» ሲሏቸው ሰማሁ። ሌላም ነገር ቀስ ብለው ነገሯቸው። መዝገቡ ላይ ያልኩትን ይሆናል። እንዴት አድርገው ነገሯቸው? ባሌ ቀናተኛ ነው። ጫካ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ብዙ ያስባል።

ዓርብ፣ ግንቦት ፲፪፣ ሚካኤል

ወሬው መንደር ገብቷል። ውኃ ስቀዳ ሁለት ሴቶች እንስራቸውን አንስተው ሄዱ። አንዷ ሁለቱ ልጆቼ ሲቀበሩ አብራኝ ያለቀሰች ናት።

የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ።

«ዋሽቻለሁ አባ። ባሌንም አዋርጃለሁ።»

«ለማን ነው የዋሸሽው?»

«ለጣሊያን።»

«ስግደት ልሰጥሽ ነበር፤ በዚህ ሆድሽ አትችይውም። ከተረፍሽ ትሰግጃለሽ።»

ከተረፍሽ አሉ። ከወለድሽ አላሉም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት ፲፫

ገባሁ። ቤቱ ሳንቃ ነው፣ ክዳኑ ቆርቆሮ፤ እኩለ ቀን ላይ ምድጃ ይሆናል። የእኛ ክፍል በመጋረጃ ተለይቷል። አምስት አልጋ። ዝንቡ መከራ ነው።

አጠገቤ ያለችው የጋሼ ሰይድ ሚስት ዘይነባ ናት፤ እግሯ ተሰብሮ ከተኛች ወር ሆኗታል። «አብሽሪ፣ ይኼ ሰውዬ እጁ ጥሩ ነው» አለችኝ። የሚበላ ነገር ካላካፈለችኝ አትበላም።

ቤታችንን ሳልጠርግ መጣሁ። ለምን እንደዚህ ያለ ነገር ትዝ እንደሚለኝ አላውቅም።

እሑድ፣ ግንቦት ፲፬

አጠቡኝ። ሆዴን ላጩኝ። ከማታ ጀምሮ ውኃም እንዳትጠጪ ተባልኩ።

ከሰዓት በኋላ ጋሼ ሰይድ መጡ። ሚስታቸውን ሰላም ሳይሉ እማማን ጠርተው ወደ ደጅ ወጡ። እማማ ሲመለሱ «መልእክቱን አደረሱለት ወይ?» አልኳቸው።

«አድርሰዋል።»

«ምን አለ?»

«በርቺ ብሏል። ፀሐዩ ራሴን መታኝ፣ ልጋደም።»

በርቺ ብቻ? ተቆጥቷል ማለት ነው።

ሰኞ፣ ግንቦት ፲፭

እየጠሩኝ ነው። የእማማ እጅ ቀዝቅዟል። ብሞት ልጁን እሳቸው ያሳድጉ፤ ይህን ደብተር ያቃጥሉት።

ረቡዕ፣ ግንቦት ፲፯

ሴት ናት። ትተነፍሳለች።

እርሳስ መያዝ የቻልኩት ዛሬ ነው። የማስታውሰው ትንሽ ነው። አፍንጫዬ ላይ ጨርቅ አደረጉ፤ ሽታው ያጥወለውላል። አቡነ ዘበሰማያት ጀመርኩ፣ «ትምጻእ መንግሥትከ» ላይ የጠፋሁ ይመስለኛል። ስነቃ ሆዴ ላይ እሳት የተቀመጠ መሰለኝ። ስስቅ ያመኛል፣ ስስል ያመኛል፣ ዘይነባ አታስቂኝ እያልኩ እለምናታለሁ።

እማማ ልጅቷን ሲያሳዩኝ አለቀሱ። እልልታ አልተባለላትም፤ እዚህ ቤት ማን ይላል። ግን ከዚህ በፊት በሁለቱም ጊዜ እማማ ሲያለቅሱ አይቻለሁ፤ ለሞቱትም እንደዚህ አላለቀሱም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት ፳

ሁለት ቀን አልጻፍኩም። ትኩሳት። ቁስሉ በአንድ በኩል መግሎ ሐኪሙ ሁለት ክር ፈትቶ አጠበው። ጮህኩ። እሱም ላቡ እየተንጠባጠበ በቋንቋው አንድ ነገር ይለኝ ነበር፣ ልጅ እንደሚያባብል ሰው።

ባለፈው ዓመት ጎተራችንን ያቃጠሉት ወገኖቹ ናቸው። እኔን ያተረፈኝም እሱ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ማሰብ ያቅተኛል።

ወተቴ ትንሽ ነው። ልጅቷ ታለቅሳለች። እማማ አጥሚት በማንኪያ ያጠጡኛል፤ ራሳቸው አይቀምሱም። ሻሻቸውን እስከ ቅንድባቸው ዝቅ አድርገው አስረዋል።

«ምን ሆነዋል?» ስላቸው «ወባ ነው» ይላሉ። ሲያንቀጠቅጣቸው ግን አላየሁም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት ፳፫

ትኩሳቱ ለቀቀኝ። የቀረውን ክር አወጡልኝ። ግድግዳ ይዤ እስከ በር ሄድኩ። ወተቴም መጣ፤ ልጅቷ ጠግባ እጇን ዘርግታ ተኛች። እንደዚህ ያለ ቀን አለኝ ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ዘይነባን «ጋሼ ሰይድ ሲወጡ፣ ሴት ተወለደች፣ አፍንጫዋ ያንተ ነው ይበሉልኝ» አልኳት።

«ኢንሻአላህ» ብላ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። እግሯ ያማታል መሰለኝ።

ሐሙስ፣ ግንቦት ፳፭

መውጫ ወረቀት ልንቀበል ያው ጠረጴዛ ፊት ቆምን። ያው ጸሐፊ፣ ያው አስተርጓሚ። አስተርጓሚው መዝገቡን አይቶ «አባት የላትም» አለ።

«አላት» አሉ እማማ። «ደምሴ በል። የእኔ ልጅ ደምሴ።»

ነጠላቸውን ጎተትኩ። «እማማ! ምን ነካዎት!»

«ተዪኝ። ከእንግዲህ ምን ያደርጉታል? ሞቷል። አንቺ ሳትቀደጂ ቅዳሜ ሞቷል።»

ሻሻቸውን ገፈፉት። ፀጉራቸው ተቆርጦ አልቋል።

ጸሐፊው ምን አለች ብሎ የጠየቀ መሰለኝ። አስተርጓሚው እማማን አየ፣ እኔን አየ፣ ልጅቷን አየ። በአጭሩ መለሰለት። ጸሐፊው ጽፎ ማኅተም መታበት።

«ምን ብለህ ነገርከው?» አልኩት።

«ሂዱ» አለን ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ቶሎ ሂዱ።»

ወረቀቱ በእነሱ ፊደል ነው። አገላብጬ አየሁት። ስሙ ይኑርበት አይኑርበት አላውቅም።

ዓርብ፣ ግንቦት ፳፮

ትናንት በጋሼ ሰይድ በቅሎ ቤት ገባሁ። ዛሬ መርዶው በይፋ ተነገረ። ሴቶቹ መጡ፤ እነዚያ ውኃ ላይ የሸሹኝም መጡ። ወታደር እንዳይሰማ ድምፃችንን አፍነን ነው ያለቀስነው። እኔ ሆዴን በሁለት እጄ ደግፌ። ስጮህ ቁስሉ የሚፈታ ይመስለኛል።

እነ ደምሴ ወንዝ ሲሻገሩ ተኩስ ተከፈተባቸው። ጓደኞቹ ይዘውት ወጥተው ቀበሩት። እማማ ዐሥራ አንድ ቀን ይህን ይዘው አጥሚት ሲያጠጡኝ ነበር። ቂም ልይዝባቸው ፈልጌ አቃተኝ። «ቁስልሽ ሳይገጥም እንዴት ብዬ ልንገርሽ» አሉኝ። እሳቸውስ በየት ገጠመላቸው?

ትናንት መንገድ ላይ ጋሼ ሰይድን የጠየቅኳቸውን እጽፋለሁ። እማማ ልጅቷን ይዘው ወደ ኋላ ቀርተው ነበር።

«ያን ዓርብ አግኝተውታል?»

«አግኝቼዋለሁ።»

«መዝገቡ ላይ ያልኩትን ነገሩት?»

በቅሎዋን እየሳቡ ጥቂት ሄዱ። «ነግሬዋለሁ።»

«ምን አለ?»

«ሣቀ። ‹ነጋዴ ሆንኩ በላት› አለኝ።»

ደምሴ እንደዚያ ነው የሚናገረው። እሳቸውም ለብዙ ዓመት ያውቁታል፤ እንደ እሱ መናገር አያቅታቸውም። ፊታቸውን ልይ ብዬ ከበቅሎዋ ጎንበስ ስል ወደ ዳገቱ እያዩ ነው።

ይማሉልኝ ልላቸው ብዬ ተውኩት።