በበረኪና የታጠቡ ድንጋዮች

ውድ እትዬ፣

ይህን ደብዳቤ ለመጀመር ከተቀመጥኩ ወዲህ አራት ጊዜ ተነስቻለሁ። አንዴ የዓሣ ገንዳውን ማሞቂያ ለማየት፣ አንዴ ፓምፑን ለማዳመጥ፣ ሁለቴ ደግሞ ያለ ምክንያት። «ቁንጫ» ብለሽ ስም ያወጣሽልኝ በከንቱ አይደለም። በስልክ ልነግርሽ ነበር፤ ግን ራሴን አውቀዋለሁ፣ ድምፅሽን ስሰማ ምላሴ ይከዳኛል። ባለፈውም የከዳኝ እንደዚያ ነው። ስለዚህ ቁርጡን ልንገርሽ፤ የጋሼን ዓሦች የገደለው የመብራት መጥፋት አይደለም። ጄኔሬተሩም አይደለም። እኔ ነኝ።

እባክሽ ወረቀቱን አትቅደጂው። እስከ መጨረሻው አንብቢኝ፤ ከዚያ በኋላ የፈለግሽውን በዪኝ።

አዋላጆችን ልታስተምሪ ለአንድ ዓመት ስትሄጂ ቤቱንና የጨው ውሃ ገንዳውን አደራ ሰጠሽኝ። ጋሼ ሲሞት ልብሱን ሰጥተሻል፣ መጻሕፍቱን ሰጥተሻል፤ ባልሽ ያሳደጋቸውን ሁለት ብርቱካንማ ባለ ነጭ መቀነት ዓሦች ግን ለማንም አልሰጠሽም። ጠዋት ጠዋት ከሥራ በፊት ፊታቸው ቆመሽ ስታዋሪያቸው እሰማ ነበር። እንዳልሰማሁ ሆኜ ነው የማልፈው።

ስትሄጂም ማቀዝቀዣው ላይ በትልቁ ጽፈሽ ለጥፈሽልኛል። «የተነነውን በተጣራ ውሃ ብቻ ሙላ፤ ውሃው እንጂ ጨው አይተንም። ምግብ በቁንጥር። ድንጋዮቹን እንዳታጥብ።» «እንዳታጥብ» የሚለውን ሁለት ጊዜ አስምረሽበታል።

በአራተኛው ወር ከእኔ ጋር ዕቃ የሚያመላልሱት ሾፌሮች እሑድ ሊጠይቁኝ እንደሚመጡ ነገሩኝ። ቅዳሜ ቤቱን ሳጸዳ ድንጋዮቹ ቡናማ፣ አረንጓዴ፣ ጸጉር ያበቀሉ ሆነው ታዩኝ። የእህቴ ቤት ቆሻሻ ነው እንዳይባል ብዬ፣ ለአንቺ ክብር፣ ባልዲ ውስጥ ከትቼ በበረኪና ፈተግኳቸው። የውሃ ማጣሪያውን ሰፍነግም አልማርኩም። ሽታው እስኪጠፋ በቧንቧ ውሃ አለቅልቄ መለስኳቸው። እንደ ጥርስ ነጡ። ሾፌሮቹ «ምን ያምራል!» አሉ፤ እኔም ደረቴን ነፋሁ።

በሦስተኛው ቀን ዓሦቹ ውሃው አናት ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍቱ ይዘጉ ጀመር። መሳቢያው ውስጥ የተውሽውን መመርመሪያ አውጥቼ በብልቃጥ በቀዳሁት ውሃ ላይ ጠብታውን ጨመርኩ። ቢጫ መሆን የነበረበት ውሃ አረንጓዴ ሆነ፤ እያየሁት ጠቆረ። አሞኒያ። ለካ ዓሦቹ የሚያወጡትን መርዝ የሚበሉላቸው በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ቤታቸውም ያ ቆሻሻ ያልኩት ድንጋይ ነበር። ግማሹን ውሃ ቀየርኩ። በማግስቱም ቀየርኩ። መጀመሪያ ትንሹ ሞተ፣ ሳይውል ሳያድር ትልቋ ተከተለችው። አሸዋው ላይ የነበሩት ኮራሎች፣ እነዚያ አበባ መሳይ የባሕር እንስሳትም፣ ኩምትር ብለው ቀሩ።

ደወልኩልሽ። «ቁንጫዬ፣ ደህና ነህ?» አልሽኝ። በዚያ ሳምንት መብራት ለአንድ ሰዓት ያህል ጠፍቶ ነበር፤ ጄኔሬተሩም ወዲያው ተነስቷል። እኔ ግን «መብራት ሁለት ቀን ጠፍቶ፣ ጄኔሬተሩም አልነሳ ብሎ...» ስል ራሴን ሰማሁት። «ዋናው አንተ ደህና መሆንህ ነው» አልሽኝ። ስልኩ ከመዘጋቱ በፊት ግን ትንፋሽሽ ሲቆራረጥ ሰምቻለሁ።

ነገሩ እዚያው ይቀራል ብዬ ነበር። «ሞተር» ለምንለው ለጄኔሬተር ሠራተኛው እንደምትደውዪ፣ ለሕንፃው አስተዳዳሪም የክስ ደብዳቤ እንደምትጽፊ የት አውቄ! አስተዳዳሪው የጄኔሬተሩን መዝገብ እንኳ ገልጦ አላየም። በሁለተኛው ሳምንት ሞተርን ደረጃው ላይ አገኘሁት። የመፍቻ ሳጥኑን አንጠልጥሏል፣ ቱታውን በብብቱ ይዟል።

«ሸኙኝ» አለኝ።

«ለምን?» አልኩት፤ እያወቅኩ።

«ጄኔሬተሩ አልነሳም ተባለ። ተነስቶ ነበር እኮ፤ አንተም ቤት ነበርክ።» ዓይኔን ዓይኔን አየኝ።

«እንጃ... እኔ ተኝቼ ነበር» አልኩት።

እትዬ፣ ከውሸቶቼ ሁሉ ያንገበገበኝ ይሄኛው ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አልቻልኩም። መኪናውን አቁሜ መልሼ አስነሳለሁ። ምግብ አቅርቤ ቆሜ እበላለሁ። ደረጃውን ላለማየት በዕቃ አሳንሰሩ እወጣ ጀመር።

አዲስ ዓሣ ባስገባ የሚያርፍልኝ መሰለኝ። ገንዳውን አጥቤ፣ ጨውን በተጣራ ውሃ በጥብጬ፣ ልኩን በመለኪያው አይቼ፣ እነዚያኑ ድንጋዮች መልሼ ደረደርኩ። አሞኒያ እንዲፈጠር፣ ባክቴሪያውም እንዲራባ፣ የዓሣ ምግብ ጨምሬ እንዲበሰብስ ተውኩት። በአራተኛው ቀን የጌጥ ዓሣ የምትሸጠው ሴትዮ ዘንድ ሄድኩ። ውሃው ስንት ቀኑ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ነገርኳት።

«ከወር በኋላ ና» አለችኝ።

በማግስቱ ሄድኩ። በማግስቱም። «መሸጡንስ እሸጥልሃለሁ፣ የምትገድላቸው ግን አንተ ነህ» አለችና ወደ ሥራዋ ዞረች። በቀን አምስት ጊዜ እለካ ነበር፤ ጠብታው ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ከአረንጓዴ ንቅንቅ አላለም። ግራ ቢገባኝ አንዱን ድንጋይ በላስቲክ ይዤላት ሄድኩ። አገላብጣ አየችው።

«የፊተኞቹ በምን ሞቱ ነበር ያልከኝ?»

«መብራት ጠፍቶ።»

«መብራት ድንጋይ አያነጣም፣ ወንድሜ።»

እዚያው ባንኮኒው ላይ ተደግፌ ሁሉንም ነገርኳት፤ ሞተርን ጨምሬ። ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። አልተቆጣችኝም። እጇን ከራሷ ገንዳ ከትታ ውሃ የሚያንጠባጥብ፣ ጡጫ የሚያህል ድንጋይ አወጣችና በእርጥብ ጋዜጣ ጠቀለለችልኝ። «ይሄ ሕያው ነው፣ ውሃህን ያስጀምርልሃል። ለሰውየው ግን እኔ ጋ መድኃኒት የለም» አለችኝ።

ሞተርን ለማግኘት ዘጠኝ ቀን ፈጀብኝ። አንድ ዳቦ ቤት ጓዳ ውስጥ የሊጥ ማቡኪያ ማሽን ፈትቶ አገኘሁት፤ እጁ እስከ ክርኑ ዱቄት ነው።

«አንተ ነህ? ዳቦ ፈልገህ ነው?»

«አይ። ጄኔሬተሩ ተነስቶ ነበር» አልኩት።

«እሱንማ እኔም አውቃለሁ።»

ምንም ሳልደብቅ ነገርኩት፤ ደረጃው ላይ «ተኝቼ ነበር» ያልኩትንም ሳይቀር። እስክጨርስ ብሎን ያጠብቃል። ከዚያ «እና ምን ልሁንልህ? ይቅር ልበልህ? እሺ፣ እልሃለሁ። ዛሬ ግን አልችልም» አለኝ።

ከእሱ ወጥቼ በቀጥታ አስተዳዳሪው ቢሮ ገባሁ። የሆነውን በእጄ ጽፌ ፈረምኩ። በሞተር ቦታ ሌላ ሰው ተቀጥሯል፤ ቢሆንም ጥፋት እንደሌለበት የሚገልጽ ደብዳቤ ማኅተም አድርገው ሰጡኝ፣ ክፍት ቦታ ሲገኝም ቅድሚያ ለእሱ ነው አሉ። ወሰድኩለት። አንብቦ አጠፈው።

«አልመለስም» አለኝ። «እዚያ ስስብ የኖርኩት ጭስ ነው። እዚህ አየሩም ያጠግባል።» ሳቀ። ወዲያው ደግሞ ሳቁ ጠፋ። «ሥራውን ተወው። እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። እህትህ ደውላ ‹የባሌን አደራ ገደልክብኝ› አለችኝ። ልጄን በእጇ የተቀበለች ሴት ናት። ሚስቴ የልጅቷን ስም በጠራች ቁጥር እሷን ሳትመርቅ አታልፍም። ተነስቶ ነበር ብላት፣ ‹ታዲያ ወንድሜ ይዋሻል?› አለችኝ። ምን ልመልስላት?»

እንዲያ ብለሽው እንደነበር አላውቅም ነበር፣ እትዬ።

«ለእሷ ንገራት» አለኝ። «ሌላ የምጠይቅህ የለም።»

ይህን ካለኝ አምስት ሳምንት አለፈው። ዛሬ ነገ እያልኩ ቆየሁ። ሰበቤ ውሃው ነበር፤ እሱ ይስተካከልና እጽፋለሁ እላለሁ። አሞኒያው ወረደ፣ ናይትራይት የሚባለው ሌላ መርዝ ተተካ፣ ጠብታውን ወይን ጠጅ እያደረገ አሥራ አንድ ቀን አሠቃየኝ። አሸዋው ቡናማ አቧራ ለበሰ። ልፈትገው እጄን በላኝ፤ እንዳለ ተውኩት። ትናንት ሁለቱም ዜሮ ሆኑ፣ ዛሬም ደግሜ ለካሁ፣ ዜሮ። ከሁለቱ መርዞች ተርፎ የተጠራቀመውን ናይትሬት ለመቀነስ ውሃውን ሲሶ ቀይሬያለሁ። ጨዉ ልክ ነው፣ ለኮራል የሚያስፈልገው ካልሲየምም ልክ ነው። ሰበብ አለቀብኝ።

ዓሣ አልገዛሁም። ሴትዮዋ ጋ የጋሼን የሚመስሉ ጥንድ አሉ፤ አስገብቼ ምንም እንዳልተፈጠረ ልጠብቅሽ የሚል ሐሳብ ሽው ብሎብኛል፣ አልዋሽሽም። ገንዳው ውስጥ ያለው ድንጋይና ውሃ ብቻ ነው። ምን እንደሚገባበት፣ ወይም ከነጭራሹ ተነስቶ እንደሚወጣ፣ ያንቺ ፈንታ ነው። ስትመጪ ውጣልኝ ካልሽኝም እወጣለሁ፤ ዕቃዬ አንድ ሻንጣ አይሞላም። እስክትመጪ ግን የተነነውን በተጣራ ውሃ እሞላለሁ፤ ይህን ቃል እገባልሻለሁ።

ስለ ጋሼ ይቅርታ ልጠይቅሽ ፈልጌ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ሰረዝኩት። ፊት ለፊት ይሻላል።

አሁን ስልኩን አንስተሽ እኔ ላይ ልትጮሂ እንደሆነ አውቃለሁ። መብትሽ ነው። ብቻ ከእኔ በፊት ለሞተር ደውዪለት። ቁጥሩን ከወረቀቱ ጀርባ ጽፌዋለሁ። ጠዋት ማሽኖቹ ስለሚጮሁ አይሰማም፤ ከሰዓት በኋላ ሞክሪው።

ታናሽ ወንድምሽ